ቋሚው ቡና፣ ጊዜያዊዋ ለቃሚ

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ልጽፍ ነው። «ጡረታ ወጥቶም ሰዋስው አልለቀቀውም» ትሉኝ ይሆናል። እስከ ታች ካነበባችሁት ግን ነገሩ የሰዋስው አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ቤት ተከትቼ ሳለሁ የጎረቤቴ ልጅ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። እንግሊዝኛ ሲከብደው ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም በዝናብ ቀን እንግዳ አልጠላም። «ጋሼ፣ ይቺን ቃል ስልኬ ላይ ባለው መዝገበ ቃላት አጣኋት» አለኝ። ቃሏ «ፐርዱራንስ» ናት።

እውነቱን ልናገር፣ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፌያት አላውቅም። ቢሆንም መምህር አላውቅም ማለት አይወድምና «ቋሚነት፣ ጸንቶ መኖር ማለት ነው» ብዬ ልገላገል አልኩ። ልጁ አልለቀቀኝም። «ለቋሚነትማ ‹ፐርማነንስ› አላቸው አይደል? ሁለተኛ ቃል ለምን አስፈለጋቸው?» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ቡና ቋሚ ተክል ነው ብለው አስተምረውናል። እናቴ ያንን ቡና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቅማለች። እሷ ግን እስከ ዛሬ ጊዜያዊ ናት።»

መጽሐፉን ዘጋሁት።

የእናቱን ነገር ጎረቤት ስለሆንን ከዳር ከዳር እሰማ ነበር። ሙሉውን የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው። ሴትዮዋ በየዓመቱ መስከረም ሲገባ ቅርጫቷን ይዛ ወደ አንድ የቡና እርሻ ትሄዳለች። የእርሻውን ስም አልጠራም፤ እንደሱ ያለ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ይህንኑ ልጅ አዝላ ነው የለቀመችው። ቀዩን ፍሬ ትለቅማለች፣ ይመዘናል፣ በኪሎ ይታሰብላታል፣ ለቀማው ሲያልቅ ትሸኛለች። ዘንድሮም ስትሄድ ምዝገባው ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጧል። «ከዚህ በፊት እዚህ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ሲላት «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለችው። ወረቀቶቹን አገላበጠና «ስምሽ የለም እናቴ፣ አዲስ ብዬ ልጻፍሽ» አላት። አዲስ ተብላ ተጻፈች፤ አዲስ ገቢ ወደሚላክበት፣ ሩቅና ገደላማ ወደሆነው ክፍል ተመደበች። ልጁ ጥፋተኛ ነው አልልም። ከፊቱ የነበረው የዘንድሮ ወረቀት ብቻ ነው፤ በዘንድሮ ወረቀት ደግሞ እሷ እውነትም አዲስ ናት።

አሁን ወደ ቃላችን ልመለስና ለምን መጽሐፉን እንደገና እንደከፈትኩት ልንገራችሁ።

«ፐርዱራንስ» ከላቲን የመጣ ነው። «ፐር» በመካከል አልፎ፣ እስከ ዳር ማለት ነው፤ «ዱራሬ» ደግሞ መጠንከርም መቆየትም ነው። የእህት ቃሉን «ፐርዱረብል»ን ድሮ እነ ቾሰርና ሼክስፒር ተጠቅመውበታል፤ ከዚያ በኋላ ቃሉ ከሰው አፍ እየራቀ ሄደ። መልሰው ያነሱት የዘመናችን ፈላስፎች ናቸው። አሜሪካዊው ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር በጊዜ ውስጥ የሚቆይባቸውን ሁለት መንገዶች ለየ። አንደኛው፣ ነገሩ በእያንዳንዷ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ እዚያው ሲገኝ ነው። ይህን «ኢንዱር» አለው። ሁለተኛው፣ ነገሩ በጊዜ ላይ ተዘርግቶ፣ ዛሬ አንዱ ክፍሉ፣ ነገ ሌላው ክፍሉ እየመጣ፣ ክፍሎቹ ተደምረው አንድ ሲሆኑ ነው። ይህን «ፐርዱር» አለው። የኛ ሰው እንደሆነ የትኛውም ነገር በየትኛው መንገድ እንደሚቆይ ሲከራከሩ እስካሁን አሉ፤ ይከራከሩ።

ልጁ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አጥብቦ እያየኝ ነበር። ደግነቱ ቡና እየተፈላ ነው። «ጀበናዋን እያት» አልኩት። «አሁንም ጀበና ናት፣ ቅድምም ሙሉ ጀበና ነበረች፣ ነገም ካልተሰበረች ሙሉዋን እዚያው ታገኛታለህ። ቡናውስ? አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። አቦሉ ላይ ቆመህ ‹ቡናው ሁሉ ይኼ ነው› ማለት አትችልም። በረካው ላይ የደረሰ ጎረቤትም ሌላ ቡና ጠጣ አይባልም፤ ያንኑ ቡና ነው የጠጣው። በመካከል ማራገቢያው ቢቆም፣ ውኃው እስኪፈላ ብንጠብቅ፣ ቡናው ተቋረጠ አይባልም።» ከሚዛን ቴፒ የሚወስደውን መንገድም ማንሳት ይቻላል። ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ ሁሉ በአንድ ቦታ አይገኝም፤ ሆኖም አንድ መንገድ ነው።

«ገባኝ» አለ። «እናቴ እንደ ቡናው ናት እንጂ እንደ ጀበናው አይደለችም።»

ከዚህ በላይ እኔ የምጨምረው የለም ነበር፤ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

እንግዲህ ችግራችን አማርኛችን ላይ ይጀምራል። «ቋሚ» ከ«ቆመ» የወጣ ነው። ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚተከለው እንጨት ቋሚ ነው። ሒሳብ ክፍል ውስጥ የአግድም ተቃራኒው ቋሚ ነው። ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አለው፣ ድርጅት ቋሚ ንብረት አለው፣ በየቅጹ ላይ «ቋሚ አድራሻ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። በሕይወት ያለ ሰው የቆመ ነው፤ ለዚህ ነው «በቁሙ» ስንል በሕይወት ሳለ ማለታችን፣ «የቁም ሞት» የምንለውም። ግብርና ደግሞ ይህንኑ ቃል ወስዶ ቡናን፣ እንሰትን፣ ማንጎን «ቋሚ ተክል» አለ፤ በቆሎና ጤፍ ዓመታዊ ተባሉ። እንግሊዝኛው ለእያንዳንዱ የተለያየ ቃል ሲያወጣ እኛ ሁሉን በአንድ ቋሚ ደገፍነው። በራሱ ነውር የለበትም። ግን ከቃሉ ጀርባ ያለው ሥዕል ምንጊዜም አንድ ነው፦ ሳይነቃነቅ፣ ሳይቋረጥ፣ ዞር ብለህ ባየኸው ቁጥር እዚያው የሚገኝ ነገር። ዞር ስትል ያልተገኘ ሁሉ ቋሚ አይደለም።

በዚህ መለኪያ ራሱ ቡና ቋሚ ይሆናል ወይ? ቡና የተከለ ሰው ያውቀዋል። ችግኙ መሬት ከገባ በኋላ ሦስት አራት ዓመት ፍሬ የለም። ካፈራም በኋላ ዓመቱን ሙሉ አያፈራም፤ አንድ ዓመት ጭኖ በሚቀጥለው ያርፋል። ሲያረጅ ደግሞ ይጎነደላል። ግንዱ ከመሬት ጉልበት እንኳ በማይደርስ ከፍታ ላይ በመጋዝ ይቆረጥና ጉቶ ብቻ ይቀራል። እንግዳ ሰው የተጎነደለ ማሳ ቢያይ «ይህን ቡና ማን ጨፈጨፈው?» ነው የሚለው። ከጉቶው ቡቃያ ይወጣል፤ ጠንካሮቹ ይተዋሉ፣ ሌላው ይነቀላል፣ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ይለቀማል። በእነዚያ የጉቶ ዓመታት ግን ማንም ባለሙያ መጥቶ «ይህ ተክል ከአሁን ወዲህ ጊዜያዊ ነው» ብሎ አያውቅም። እየሄደ ስለሚመለስ ነው ቋሚ የተባለው።

መዝገብ ደግሞ አለው! የቡና ፍሬ አድርቅ የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ታይቶ ማሳውን ሲያወድመው፣ የጅማ ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ጫካ እየዞሩ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን መረጡ። ዛሬ ገበሬው ሁሉ በቁጥር የሚጠራቸው እነ 74110ና 74112 ከዚያ የመጡ ናቸው። 74ቱ የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው፣ ቀሪው የዛፉ ቁጥር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዲት ዛፍ በየትኛው ዓመት፣ በስንተኛነት እንደተመዘገበች ልጆቿ በስማቸው ይዘውት ይዞራሉ። የኛው የጌሻ ቡናም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ተለቅሞ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ፣ በ1953 ኮስታሪካ ደርሶ፣ ከዚያ ፓናማ ገብቶ በ2004 ዓለም ሲደነቅበት ስሙን አልጣለም፤ አንድ ፊደል ብቻ ቀይረውበት «ጌይሻ» ነው የሚሉት። ፍሬው ሰባ ዓመት ውቅያኖስ ተሻግሮ ስሙ አልጠፋም። ለቃሚዋ ከሚዛን ወጥታ እርሻው በር እስክትደርስ ስሟ ጠፋ።

«ሕጉ ምን ይላል?» የምትሉ ይኖራችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥቼ አነበብኩ። የመጀመሪያው የሚገርመው ነገር፣ እኛ «ቋሚ ሠራተኛ» የምንለውን ሕጉ «ላልተወሰነ ጊዜ» የተቀጠረ ነው የሚለው። አንቀጽ 9 መነሻውን ያስቀምጣል፦ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ጊዜያዊነት ልዩ ሁኔታ ነው፤ ልዩ ሁኔታዎቹ አንቀጽ 10 ላይ ተዘርዝረዋል። ከእነሱ አንዱ የወቅት ሥራ ነው። አገላለጹን ልብ በሉልኝ፤ የድርጅቱ ቋሚ ሥራ የሆነ፣ ግን በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሠራ፣ በየዓመቱ እየተደጋገመ የሚመለስ ሥራ ነው የሚለው። ሥራው ቋሚ መሆኑን ሕጉ ራሱ አምኗል። በየዓመቱ እንደሚመለስም አምኗል። ዝም ያለው ሥራው በተመለሰ ቁጥር የሚመለሰው ሰው ማን እንደሆነ ላይ ነው።

ሥራው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የተመለሰ አንድ ሥራ ሲሆን፣ ሠራተኛዋ ግን አሥራ ዘጠኝ የተለያዩ ሴቶች ትሆናለች። በወረቀቱ ዓይን።

ለፍትሕ ያህል የእርሻውን ወገንም ልስማ። አንድ የማውቀው የእርሻ ሥራ አመራር፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ይህን ሳነሳበት «ጋሼ፣ ለቀማ ላይ የሚያስፈልገኝ ሰው ብዛትና የካቲት ላይ የሚያስፈልገኝ አይገናኝም። ሁሉን ቋሚ አድርጌ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ከከፈልኩ በሚቀጥለው ዓመት እርሻም የለም፣ ለቀማም የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። የቡና ዋጋ ዓለም ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው እንደዚህ ያለው እርሻ ነው። ለቃሚውም ቢሆን ሁሉም ቋሚ ልሁን አይልም። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከዳውሮ ለለቀማ የሚመጣው ወጣት አገሩ ላይ የራሱ ማሳ አለው፤ ሲጨርስ መሄድ ይፈልጋል። ጎረቤቴም ብትሆን ክረምቱን ጓሮዋ ላይ ትለፋለች እንጂ እርሻው ውስጥ መዋል አትፈልግም።

ስለዚህ ሁሉም ቋሚ ይሁን የሚለው ጩኸት የእኔ አይደለም። የኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የሚጠይቀው የጠፋ። ወቅቶቹ ይቆጠሩ። ቤበቃና ቴፒ ትልልቆቹ የመንግሥት እርሻዎች ከነበሩበት ዘመን ጀምሮ፣ ወደ ግል ከተዛወሩም በኋላ፣ በዙሪያቸው የተስፋፉት አነስተኛ እርሻዎችም ጭምር፣ የደቡብ ምዕራብ ቡና የተለቀመው እየሄደ በሚመለስ እጅ ነው። ይህ እጅ የትኛውን ቅርንጫፍ እንዴት ጎንበስ እንደሚያደርግ፣ አረንጓዴውን ከቀዩ እንዴት እንደሚለይ፣ የመጀመሪያውን ዙር ለቅሞ ለሁለተኛው ምን እንደሚተው ያውቃል። አዲስ ሰው ይህን እስኪለምድ ስንት ቅርንጫፍ ይሰብራል? ታዲያ አምና የሠራ ዘንድሮ ቅድሚያ ያግኝ፣ አሥር ወቅት የሠራች ከአንድ ወቅት ሠራተኛ እኩል አትሰለፍ ማለት እርሻውን የሚጎዳው ምኑ ላይ ነው?

ለዚህ አዲስ ሕግም አያስፈልግም። በዚሁ አዋጅ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ ደግሞ ምን ሥራ እንደሠራ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራ፣ ስንት ይከፈለው እንደነበር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ መስጠት ግዴታው ነው። በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ አንዳንድ ወረቀት ቢሰጣት ኖሮ ጎረቤቴ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ይዛ ትቀርብ ነበር። ማንም አልሰጣትም፤ እሷም መጠየቅ እንደምትችል ማንም አልነገራትም። እኔ ራሴ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርኩ፣ አልነገርኳትም።

ነገሩ በለቃሚዎች ብቻ አያበቃም። ሸካ ውስጥ «ኮቦ» የሚባል ነገር አለ፤ ከማሻና ከቴፒ ወገን ያላችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጫካው ተከፋፍሎ በየቤተሰቡ የተያዘ ነው። ባለ ኮቦው ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላል፣ ማሩ ሲደርስ ሄዶ ይቆርጣል፣ ለልጁ ያወርሳል። አጥር የለውም፣ ወረቀት የለውም፣ ድንበሩ ወንዝና ዛፍ ነው። ባለቤቱ በዓመት ውስጥ ጫካው ውስጥ የሚታይባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። እንግዲህ አንድ ባለሙያ መኪና ይዞ፣ ካርታ ይዞ፣ ባለ ኮቦው በሌለበት ቀን ቢደርስ ምን ያያል? ሰው የሌለበት ጫካ። «ያልተያዘ መሬት» ብሎ ይጽፋል። በዚህ አጻጻፍ ስንት ጫካ ለእርሻ እንደተሰጠ አካባቢው ያውቃል። አሁን የካፋ ጫካ በ2010፣ የሸካው በ2012፣ የመዠንግሩ በ2017፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ደስ ይላል። ያ ጫካ እስከ ምዝገባው ቀን ድረስ የቆየው ግን በየዓመቱ ለማር እየተመለሰ «የአባቴ ነው» ሲል በኖረ ሰው ነው። እሱም እንደ ለቃሚዋ ነው፤ በየትኛዋም አንዲት ቀን ብታየው ላታገኘው ትችላለህ፤ ዓመታቱን ደምረህ ብታየው ግን ከእሱ በላይ የቆየ የለም።

ሌላም ቃል አለን፣ የበለጠ የሚያስፈራኝ። «ነባር» የሚለው። ግዕዙ «ነበረ» ሲል ተቀመጠ፣ ቆየ ማለቱ ነው፤ ላቲኖቹም «ፐርማነንት»ን ያወጡት መቅረት፣ መቆየት ከሚል ግሥ ነው። ከዚያ በተቃራኒ «ሰፋሪ» አለ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲጓጓዝ አብዛኛው ፈልጎ አልመጣም፤ የመጣበትን ምድር ሲኖርበት የቆየውን ሕዝብም ያማከረ አልነበረም። ሁለቱም ተበድለዋል። ዛሬ አርባ ዓመት አልፎ፣ እዚህ ተወልዶ እዚህ የወለደ ሰው አሁንም «ሰፋሪ» ሲባል እሰማለሁ። በ2004 ጉራ ፈርዳ ላይ ሰው ሲፈናቀል የተመዘዘው ይኸው ቃል ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ መዠንግሩ የእርሻ ቦታውን እየቀያየረ በጫካው ውስጥ ስለሚዘዋወር ብቻ ምንም ቋሚ ነገር እንደሌለው ሲቆጠር ኖሯል። አንዱን ዘግይተህ መጣህ፣ ሌላውን አንድ ቦታ አልተቀመጥክም ብለን ሁለቱንም ከ«ቋሚ» ደጅ መልሰናል። በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ዛሬ ግን የጎረቤቴን ጉዳይ እንዳያስረሳኝ እፈራለሁ።

(በነገራችን ላይ ክልላችን ራሱ ከ«መቀመጫ» ጋር የተለየ ጠባይ አለው። መስከረም 20 ቀን 2014 ሕዝበ ውሳኔ ሰጥተን ኅዳር ላይ ክልል ስንሆን አንድ ዋና ከተማ አልበቃንም፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ተካፈሉት። ጉዳይ ያለው ሰው የትኛው ቢሮ የት እንደሆነ ሲጠይቅ ይውላል። ማማረር አይደለም፤ ክፍሎቹ በየቦታው ሆነው አንድ ነው መባል ለክልል ከተፈቀደ ለአንዲት ለቃሚ ለምን እንደሚከለከል ብቻ ልጠይቅ ነው። ከተማችንም በወረቀት ሚዛን አማን ከሆነች ቆየች፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ ረዳቱ ምን ብሎ እንደሚጣራ ስሙት።)

ታዲያ ለ«ፐርዱራንስ» አማርኛው ምንድን ነው? ልጁ ከመሄዱ በፊት ይህን ሳልመልስለት አልቀረሁም። «ዘላቂነት» አልኩት። ቃሉን የፕሮጀክት ሪፖርት አበላሽቶታል፤ «ዘላቂ ልማት»፣ «ዘላቂ መፍትሔ» እየተባለ ጣዕሙ ጠፍቷል። ግን ሥሩን እዩት። «ዘለቀ» ማለት በመካከል አልፎ እስከ ዳር ደረሰ ማለት ነው፤ የላቲኑ «ፐር» ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። እናቶቻችን «ይሄ እህል እስከ መስከረም ይዘልቃል?» ሲሉ እህሉ ሳይነካ ይቆማል ወይ ማለታቸው አይደለም፤ በየቀኑ እየተቀነሰ፣ እየተሰፈረ፣ ክረምቱን አቋርጦ ይደርሳል ወይ ነው። «ትዳሩ አይዘልቅም» ስንልም እንደዚሁ። («ዘላለም» ግን ዘመዱ አይደለም፤ እሱ ከግዕዝ «ለዓለም» ከሚለው ነው የመጣው። ተማሪዎቼ ሁሌም ያምታቱት ነበር።) ቋሚ ካልሆነች ዘላቂ ሠራተኛ ትባል። ስሙ የሚያመጣው መብት ካለ ግን ነው፤ ያለዚያማ አንድ ቃል በአንድ ቃል መለወጥ ለእኔ ዓይነቱ ጡረተኛ ጨዋታ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሦስታችን ቁጭ ብለን ለእርሻው ማመልከቻ ጻፍን። የሠራችበትን ዘመን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠኝ የሚል፣ አንቀጹን ጠቅሰን። «ከመቼ እስከ መቼ» የሚለው ጋ ስንደርስ ዓመተ ምሕረቱን አታውቀውም። የምታውቀው ወቅቶቹን ነው። የመጀመሪያው ልጇን ያዘለችበት፣ ዩኒቨርሲቲው የተከፈተበት ዓመት ነበር፤ 1999 ብለን ጻፍን። ቀጥሎ የሚሊኒየሙ። ቀጥሎ ፍሬው በዝቶ ቅርጫት ያጠረበት። አቶ መለስ የሞቱ ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ፣ «ለቀማው ሊጀምር ሲል» አለች፤ እሱ 2005 ሆነ። እግሯን የተወጋችበት። እህቷ አብራት የለቀመችበት አንድ ዓመት፣ ከዚያ እህቷ ያረፈችበት። አፋችንን በጨርቅ ሸፍነን የለቀምንበት ያለችው የኮሮናው፣ 2013። ሕዝበ ውሳኔው ጣታችን ላይ ቀለም ተቀብቶ የሄድንበት፣ 2014። ልጁ እየጻፈ፣ እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ እስከ አምና ድረስ መጣን።

አሥራ ስምንት ሆነ። እንደገና ቆጠርን፣ አሥራ ስምንት። እሷ ግን አሥራ ዘጠኝ ናቸው ብላ አልተቀበለችንም፤ አንዱ ጠፍቶብናል። ማመልከቻውን እስክታስታውሰው አላስገባም ብላለች። ትናንት ማታ በአጥሩ በኩል ጠርታኝ «ጋሼ፣ ድልድዩን ውኃ የወሰደው መቼ ነበር?» አለችኝ። እዚህ ገጽ ላይ የሚዛን ወይም የቤበቃ ሰው ካለ፣ የሚያስታውስ ይጻፍልኝ።